ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችን በፊት

  

የዛሬውን ንግግራችንን ያነሳሳን አንዲት እህት የላከችልን ጥያቄ ነው። ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት ወረፋ እየጠበቀች ሳለ ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት መጥቶ ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጣት። «ልጅሽ በጥናቱ እንዲካተት ፈቃደኛ ከሆንሽ እዚህ ላይ ፈርሚ» አላት። እርሷም ሳታነብ ፈረመች። «ባልፈርም ልጄን አያክሙልኝም ብዬ ፈራሁ» ትላለች። አሁን የምትጠይቀን ሁለት ነገር ነው። መፈረሜ ወንጀል ይሆንብኛል ወይ? ፊርማዬንስ መልሼ መሰረዝ እችላለሁ ወይ?

የሁለተኛው መልስ አጭር ስለሆነ አስቀድመን እንናገረው። ትችያለሽ፣ እህታችን። ምክንያት እንኳ መስጠት አይጠበቅብሽም። ከጥናቱ በመውጣትሽም የልጅሽ ሕክምና ሊጓደል አይገባም። ይህ በምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ዓለም የተስማማበት መብት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ነገር ይጎትታልና ታግሳችሁ ተከተሉን።

በዚህ ዘመን «ባዮኤቲክስ» የሚባል የትምህርት ዘርፍ አለ። በአማርኛ የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ሥነ ምግባር ልንለው እንችላለን። ባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ ሐኪሞች፣ አንዳንዶቹ የፍልስፍና ወይም የሕግ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም የሃይማኖት ሊቃውንት ናቸው። ሐኪሙ «ይህን ማድረግ እችላለሁን?» ሲል እነርሱ «ማድረግስ ይገባሃልን?» ብለው ይጠይቃሉ። በትልልቅ ሆስፒታሎች ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰብና ሐኪም ሳይስማሙ ሲቀሩ ይጠራሉ፤ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ሰነዱን ይመረምራሉ። ከእኛ ወገን «ሸሪዓ እያለልን እነዚህ ለምን ያስፈልጉናል?» የሚል አለ። ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ማወቅ ይበጃል።

የመጡት በጥፋት ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ዘግናኝ ሙከራ አደረጉ። በኑረምበርግ ከተማ ያስቻሉት አሜሪካውያን ዳኞች እ.ኤ.አ በ1947 ፍርዳቸውን ሲሰጡ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር ሙከራ ሊደረግበት እንደማይገባ ደነገጉ። መልካም! ነገር ግን እነዚያ ዳኞች በጀርመን ይህን ሲጽፉ፣ በገዛ አገራቸው በአላባማ ግዛት የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት 600 የሚያህሉ ድሃ ጥቁር ወንዶችን ከ1932 ጀምሮ እያጠና ነበር። ከእነዚህ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ስለ በሽታቸው እውነቱ አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ብቻ ተባሉ። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም ከለከሏቸው፤ የሚፈለገው በሽታው እስከ ሞት ድረስ ምን እንደሚያደርጋቸው ማየት ነበርና። ጉዳዩ በጋዜጣ ተጋልጦ የቆመው በ1972 ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ በ1997 ነበር።

ሰዎቹን ለማባበል ምን እንደተሰጣቸው ታውቃላችሁ? ነጻ ምሳ፣ ነጻ ምርመራና የቀብር ወጪ። ድሃ ሰው ሬሳው በክብር እንዳይቀበር ምን ያህል እንደሚፈራ ዕድር ላለን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያች ፍርሃት ነው የያዟቸው።

ከዚህ ዓይነቱ ቅሌት በኋላ ነው ደንቦችና ኮሚቴዎች የተጠናከሩት። ይሁንና ታሪኩ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አንድ የሙስሊም ከተማ እንሂድ።

እ.ኤ.አ በ1996 ናይጄሪያን ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መታት። በበሽታው ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተያዘ፤ ከ11 ሺህ በላይ ሞተ። ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ታላቋ የሰሜን ከተማ ካኖ ነበረች። በከተማዋ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ግቢ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሕሙማንን በነጻ ያክም ነበር። በዚያው ግቢ ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ቡድን መጥቶ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ። ለግማሾቹ አዲሱ መድኃኒት፣ ለግማሾቹ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን የተባለ የታወቀ መድኃኒት ተሰጣቸው። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ አምስቱ ከአዲሱ፣ ስድስቱ ከነባሩ ወገን። መስማት የተሳናቸው፣ ዓይናቸው የጠፋና ሽባ የሆኑም ነበሩ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፤ ፍትሕ ለምንወደው ብቻ አይደለምና። ማጅራት ገትር ራሱ ይገድላል፤ ራሱ ያደነቁራል። ኩባንያውም ሕፃናቱን የጎዳው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፣ ወላጆችም በነርሶች አማካይነት በቃል ተጠይቀው ፈቅደዋል ብሎ ተከራክሯል። ወላጆቹ ግን ሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረንም አሉ። አስቡት እስቲ፤ ልጁ በትኩሳት እየተንፈራገጠ ወደዚያ ግቢ የሮጠ አባት፣ ይኸኛው ድንኳን የሕክምና ያኛው ደግሞ የጥናት መሆኑን በምን ይለያል? ለእርሱ ሁሉም ሐኪም ነው፤ ሁሉም ነጭ ጋወን ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን እንዳጸደቀ የሚገልጽ ደብዳቤ መቅረቡ ነው። ሆስፒታሉ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ኮሚቴ እንዳልነበረው፣ ደብዳቤውም በኋላ ተዘጋጅቶ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደተጻፈ ተዘገበ።

ነገሩን ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2000 መጨረሻ አወጣው። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ በ2009 ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ገንዘብ የተቀበሉት በ2011 ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እኛን የሚነካን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ2003 ካኖና አንዳንድ የሰሜን ናይጄሪያ ግዛቶች የፖሊዮ ክትባትን አገዱ። ክትባቱ ሴቶች ልጆችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ወሬው ሐሰት ነበር። ሰዎቹ ግን ለምን አመኑት? አንዱ ምክንያት ከሰባት ዓመት በፊት ያዩት ነው። አንዴ የተታለለ ሕዝብ እውነተኛውንም አያምንም። በ2004 አጋማሽ ክትባቱ ከሙስሊሟ አገር ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ተደርጎ ዘመቻው ቀጠለ። እስከዚያ ግን ቫይረሱ በሱዳን አድርጎ በ2004 መጨረሻ ወደ አገራችን ገባ። ለዓመታት ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ እንደገና ልጆቿ ሲሽመደመዱ አየች። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያም ተሻገረ። በ2005 በየመንና ራሷ ክትባቱን በላከችው በኢንዶኔዥያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ሽባ አደረገ። ካኖ ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ የጎደለ አማና ዞሮ ዞሮ ከእኛ ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጆቹን ከማስከተብ የሚያፈገፍግ አባት ካለ፣ ካኖን ማስረጃ አድርጎ አያቅርብልን። የካኖ አባቶች የተበደሉት ሳይነገራቸው በተሞከረባቸው መድኃኒት ነው። የፖሊዮ ክትባት ግን ዓለም ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ ነው። ናይጄሪያም ብትሆን ወደ ክትባቱ ተመልሳ ነው አፍሪካ በ2020 ከዱር ፖሊዮ ነጻ ናት የተባለችው።

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። በሰው አካል ላይ ያለ ፈቃድ እጅን ማሳረፍ ለፉቀሃኦች አዲስ ጉዳይ አልነበረም። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚያመለክት ሐዲስ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ አዋቂ የሆነ ባለሙያ እንኳ ያለ ወሊይ ፈቃድ ሕፃንን ቀድዶ ጉዳት ቢደርስ ካሳ እንዳለበት ጽፈዋል። ኢብኑል ቀይም ደግሞ «ዛዱል መዓድ» ውስጥ የሐኪምን ተጠያቂነት በአምስት ከፍለው ሲያብራሩ ያለ ፈቃድ የሚደረግን ሕክምና ለብቻው አንስተዋል። ልብ በሉ፤ የሚናገሩት ስለ ሰነፍ ሐኪም አይደለም። እጁ የሰላ፣ ሥራውን በትክክል የሠራ ሐኪም እንኳ «ማን ፈቀደልህ?» ይባላል። «ኢዝን» የምንለው ይህ ነው። ፈረንጆቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ደም የተማሩት ነገር በኪታቦቻችን ነበረ። ነበረ ብለን ግን አንኩራራ፤ ኪታቡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሰዉ በሐኪም ቤት ኮሪደር ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ምን ፋይዳ አለው?

በዘመናችን ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ስለ ሕክምና ፈቃድ በዝርዝር ተናግሯል። ለምርምር የሚሰጥ ፈቃድ ከማስገደድና ከገንዘብ ማባበያ የጸዳ መሆን እንዳለበት ሲያስረዳ፣ ለማስገደድ ምሳሌ ያደረገው እስረኞችን ሲሆን ለማባበል ደግሞ ችግረኞችን ነው። የአላባማዎቹ ሰዎች ነጻ ምሳ ትዝ ይበላችሁ! ይኸው ውሳኔ ለአካለ መጠን ባልደረሱና አእምሯቸው ባልተሟላ ሰዎች ላይ ወሊያቸው ቢፈቅድ እንኳ ምርምር ማድረግን ከልክሏል። አካዳሚው በ2006 አማን ላይ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር እንደገና ተነጋግሯል፤ ነገሩ ቀላል አይደለምና። በልጆች ላይ ጭራሽ ጥናት ካልተደረገ የልጆች መድኃኒት መጠን ከየት ይታወቃል? ሐኪሙ ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን እየገመተ ቆርሶ ሊሰጥ ነውን? ያም ሌላ ጉዳት ነው። የእኛ አስተያየት፣ ለራሱ ለታማሚው ልጅ ጥቅም የሚያስገኝንና የልጁን ክብደት መዝኖ መዝገቡን ከማየት የማያልፈውን ጥናት፣ ልጁን ለሌሎች ጥቅም ለአደጋ ከሚያጋልጠው ጥናት መለየት ያስፈልጋል የሚል ነው። ከእኛ የበለጡ ዑለማኦች በዚህ ላይ የተለየ ቢሉ የእነርሱን እንሰማለን።

አንድ ነገር ልንናዘዝላችሁ ይገባል።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት የስኳር በሽታን የሚያጠኑ ሰዎች ወደ መስጂዳችን መጡ። ሥርዓት ያላቸው ወጣቶች ነበሩ፤ ወረቀታቸውም የተሟላ ነበር። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ እንድናስተዋውቅላቸው ጠየቁን። እኛም ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገን ሚክሮፎኑን ያዝንና «ሐኪሞች መጥተውላችኋል፣ ነጻ ነው፣ ስኳር ያለባችሁ ሂዱ ተጠቀሙ» አልን። በሱብሒ ሰላት የማይጠፉ አንድ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ፤ እርሳቸውም ሄዱ። አንዴ ደም ሰጡ፤ በየሦስት ወሩ እየተመለሱም ደጋግመው ሰጡ። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጠጋ ብለው «ኡስታዝ፣ መድኃኒቱን የሚሰጡን መቼ ነው?» አሉን። የምን መድኃኒት? አልናቸው። «አንቱ ተጠቀሙ ብለውን የለ እንዴ!» አሉ።

ለካስ ጥናቱ ደም ወስዶ ለመመዝገብ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ ይህ በግልጽ ተጽፏል፤ እኛ ግን አላነበብነውም። እርሳቸውም «እነዚህ እያከሙኝ ነው» ብለው ከጤና ጣቢያ ይወስዱት የነበረውን ኪኒን አቁመዋል። በዚያው ሰሞን እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ። አልድን ብሎ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። እርሳቸው «የአላህ ቀደር ነው» ብለው እኛን አንድም ቀን አልወቀሱንም፤ እንዲያውም በበዓል ቀን እያነከሱ ቤታችን ድረስ መጥተው ጠየቁን። ቀደር መሆኑን እናምናለን። ሆኖም ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእርሳቸው ይሁን እንጂ ያስፈረማቸው የእኛ ቃል ነበር። ያጠኑትን ወጣቶች ልንወቅስ አንችልም፤ አልዋሹም። «ሕክምና» ያልነው እኛ ነን። የሥነ ምግባር ባለሙያዎቹ ለዚህ ስህተት ስም አላቸው፤ ጥናትን ከሕክምና ጋር ማምታታት ይሉታል። በጣም የተለመደ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም መጥቶ «ያስተዋውቁልን» ሲለን አስቀድመን ተቀምጠን እናነባለን፤ ያልገባንን እንጠይቃለን፤ ስንናገርም «ይህ ጥናት ነው፣ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ» እንላለን። ኢማሞችና የዕድር ሰብሳቢዎች ይህን ብትሰሙን ደስ ይለናል። ሰው እናንተን አምኖ ይፈርማል።

በአገራችን መልካም የተሠራም አለ። በወላይታ የዝሆኔ በሽታን፣ ማለትም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን ፖዶኮኒዮሲስን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡን እንዴት ብለን ፈቃድ እንጠይቃችሁ ብለው ጠይቀዋል። ሕዝቡ የፈራው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። በሽታው በዘር ይተላለፋል ተብሎ ቤተሰቡ እንዳይገለል ነበር ስጋቱ። ሥራቸው በ2009 ታትሟል። ካኖ ላይ የጠፋው ይኸው ጥያቄ ነበር።

ይህን ስንል ግን የሥነ ምግባር ባለሙያ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። አንዳንዱ ደመወዙን ከሚመረምረው ኩባንያ ይቀበላል። ሌላው የግለሰብን ምርጫ ከሁሉ በላይ ያስቀምጥና ሰው የገዛ ነፍሱ ባለቤት ነውና ልሙት ካለ ይሙት ይላል። ለእኛ ነፍስ የአላህ አማና ናት፤ እዚህ ላይ መንገዳችን ይለያያል። በሌላ በኩል ደግሞ ከእኛ ወገን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ስለ ሕክምና ፈትዋ የሚሰጥ አለ። ሁለቱም ይጎዳሉ። ሐላልና ሐራምን ከዑለማእ እንጠይቃለን። ሰው እንዴት ተታልሎ እንደሚፈርም ግን እነዚህ ባለሙያዎች ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃሉ።

ለምሳሌ የኩላሊት ጉዳይን እንይ። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ ተጀምሯል። የፊቅህ አካዳሚው በ1988 በሕይወት ያለ ሰው በፈቃዱ፣ ያለ ሽያጭና የራሱን ሕይወት አደጋ ላይ ሳይጥል አካሉን መለገስ እንደሚችል ወስኗል። እንግዲህ አንድ ወንድም ታሞ ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑን በታናሽ እህቱ ላይ ጣለ እንበል። እናት ታለቅሳለች። አጎት «የሥጋ ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» ይላል። ልጅቷ እሺ ትላለች። ይህ ፈቃድ ነውን? ባለሙያዎቹ እዚህ ላይ የሚያደርጉት ነገር እኛን አስደንቆናል። ልጅቷን ከቤተሰቧ ለይተው ለብቻዋ ያነጋግሯታል። እንደማትፈልግ ከነገረቻቸው ምስጢሯን ጠብቀው ለቤተሰቡ «ለመለገስ የምትመች አይደለችም» ብቻ ይላሉ። ይህ ውሸት ነው አይደለም በሚለው እነርሱም ይከራከራሉ። እኛ በበኩላችን የደካማን መብትና የቤተሰብን ዝምድና አብሮ የሚጠብቅ ሽፋን አድርገን እናየዋለን። ከውሸት እንዲርቅ አነጋገሩን መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል።

ወደ እህታችን እንመለስ። በፍርሃት መፈረምሽ ወንጀል አይሆንብሽም ብለን እንከጅላለን፤ ልጅሽን ልታድኚ እንጂ ልትጎጂ አልፈረምሽምና። ከዚህም በላይ ሕክምና እንዳልከለከል ብሎ የፈረመ ሰው በእርግጥ ፈቅዷል ለማለት አይቻልም። የሰጡሽ የወረቀት ቅጂ በእጅሽ ካለ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ የተመራማሪውና ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ይኖራል። ቅጂ ከሌለሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ማንበብ የሚከብድሽ ከሆነ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ልጄ የሚሰጠው ነገር አዲስ ነው ወይስ የተለመደ በያቸው። ደሙ የት ይሄዳል? በጥናቱ ባይገባ ኖሮ ምን ዓይነት ሕክምና ያገኝ ነበር? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክመዋል? መልሱን በሚገባሽ ቋንቋ ይንገሩሽ። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም። መልሱ ልብሽን ካሳረፈው ቆዪ፤ ካላሳረፈው ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ሕክምናውን ግን አታቋርጪ።

መልሱን ስታገኚ ብትጽፊልን እናነበዋለን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ስላለ ሕመምተኛና ቤተሰቡ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ ይዘን እንቀርባለን።